ኋለኛው ከፊተኛው ሲመዘን

አንድ የጥበብ ሥራ ተከታይ ክፍል በወጣለት ቁጥር፣ ከተመልካቹ ዘንድ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከፊተኛው ይበልጣል ወይስ ያንሣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የልብ ወለድ አንባቢው፣ የቴአትር ተመልካቹ፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጦ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ የሚጫወተው ወጣት፣ ሁሉም ሳያመነታ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ «ይበልጣል» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ሚዛን ይጠይቃል። በምን ይበልጣል? በርዝመት? በድምቀት? በተሸጠበት ብዛት? ወይስ ስለ ሰው ልጅ በሚነግረን እውነት? መስፈሪያው ሳይታወቅ ብልጫን መፍረድ፣ ቁና ሳይዙ እህል ለመስፈር እንደ መነሣት ያለ ነው።

ይህ ጽሑፍ መስፈሪያውን ለመፈለግ የሚነሣው፣ ብዙዎቻችን ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ተራ ከማንቆጥረው ቦታ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኘውን ዳባትን በመሰሉ የአገራችን ከተሞች፣ ወጣቱ ጥቂት ብር እየከፈለ የሚጫወትባቸው «ጌም ቤት» የሚባሉ ክፍሎች የተለመዱ ሆነዋል። በእነዚህ ቤቶች ሚዛን የሚደፋው የእግር ኳስ ጨዋታ ቢሆንም፣ ጠመንጃ የሚተኮስባቸውና ሰይፍ የሚመዘዝባቸው የውጊያ ጨዋታዎችም ወዳጅ አላቸው። እነዚህ ጨዋታዎች ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እየተባሉ ይወጣሉ፤ ወጣቱም የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ አጥብቆ ይከራከራል። መምህሩም፣ ካድሬውም፣ የጥበብ ሰውም ይህን ክርክር የልጆች ነገር ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ነገር ግን ወጣቱ በዚያ ክርክር ውስጥ፣ ሳያውቀው፣ «የተሻለ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ እያነሣ ነው። እኛ ካልሰማነው ሻጩ ይመልስለታል።

የሻጩ ሚዛን የመጨመር ሚዛን ነው። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. «ዱም» የተባለው የተኩስ ጨዋታ ወጥቶ ስሙ በዓለም ከናኘ በኋላ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተከታዩ ወጣ። ተከታዩ ይዞ የመጣው ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃና አዳዲስ የጭራቅ ዓይነቶችን ነበር። የጨዋታው ነገር ግን ያው ነበር፤ መግባት፣ መተኮስ፣ መውጣት። ከዚያ ወዲህ በርካታ ተከታታይ የውጊያ ጨዋታዎች በዚሁ መንገድ ተጉዘዋል። የጠላቱ ቁጥር ይበዛል፣ የመሣሪያው ዓይነት ይጨምራል፣ የደሙ ቀለም ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል። በዚህ ሚዛን ከሄድን ኋለኛው ዘወትር ከፊተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቴክኒክ ወደ ኋላ አይሄድም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሚዛን ደግሞ ሚዛን አይባልም።

ይህን የቁጥር ፍቅር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አድርገን ማየት አይገባንም። ፉከራ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ፎካሪ ከሕዝብ መካከል ብድግ ብሎ የጣለውን ይቆጥራል፤ ከእርሱ በኋላ የሚነሣው ደግሞ ከፊተኛው አብልጦ ካልቆጠረ ሸንጎው አይሞቅለትም። ፉከራ የሚያነሣሣ፣ ልብ የሚያሞቅ፣ በወረራ ዘመን አገር ያቆመ ጥበብ መሆኑ አይካድም። ግን በፉከራ ውስጥ የወደቀው ሰው ቁጥር እንጂ ፊት የለውም። ስሙ ቢጠራ እንኳ የሚጠራው የጣለውን ሰው ክብር ለማጉላት ነው። እናቱ አትጠራም፤ የቀረ ልጁ አይታይም።

ቁጥር ሚዛን ሲሆን ምን እንደሚከተል፣ በዚሁ በስሜን ተራሮች ግርጌ ታሪክ አሳይቶናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ ከቅርብ ወዳጆቻቸው መካከል እንግሊዛውያኑ ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል ይገኙ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሆኖ በሸፈተው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። ከወራት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በደባርቅ አካባቢ ከጋረድ ጋር ገጠሙ። በውጊያው ጋረድ ሞተ፤ ቤልም ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ የወዳጆቻቸውን ደም ለመመለስ እጅግ ብዙ ምርኮኞችን በዚያው ሜዳ አስፈጁ። ከፕላውደን ሞት ይልቅ የደባርቁ ተከታይ በብዛት በለጠ፤ እጅግም በለጠ። ነገር ግን ያ ብልጫ ምን አተረፈ? ዐመፁ አልቆመም። ከሰባት ዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ ከእጃቸው የቀረው ግዛት ጥቂት ነበር።

ደም መመለስ እንግዲህ በባሕርዩ ተከታይ ክፍል ነው። ሁልጊዜ ከእርሱ በፊት የሆነ ሌላ ድርጊት አለ፤ ሁልጊዜም ከፊተኛው መብለጥ ይፈልጋል። አንድ ለአንድ ሆኖ እኩል የቀረ ቂም እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ስለ ተከታይ የጥበብ ሥራ ስንጠይቅ፣ በተለይም ሥራው ስለ ግድያ ከሆነ፣ የምንጠይቀው የሥነ ውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለዚህ መፈተኛ የሚሆን አንድ ዝነኛ ጥንድ አለ። «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ይባላል፤ ከእኛ ወገን በመጨረሻ የቀሩት እንደ ማለት ነው። «ናውቲ ዶግ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያውን ክፍል በሰኔ 2005 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን በሰኔ 2012 ዓ.ም. አወጣ። በመጀመሪያው ክፍል ከፈንገስ የመጣ ወረርሽኝ ዓለምን አፍርሷታል። ሴት ልጁን በሞት ያጣ ጆኤል የሚባል ጎልማሳ፣ በሽታው የማይዛትን ኤሊ የምትባል ልጅ አገር አቋርጦ ወደ ሐኪሞች እንዲያደርስ ይታዘዛል። በመንገድ ላይ እንደ ልጁ ይወዳታል። ከሆስፒታሉ ሲደርሱ መድኃኒቱን ለመሥራት የልጅቱ ሕይወት ማለፍ እንዳለበት ይነገረዋል። ጆኤል አይቀበልም፤ ሐኪሙን ጨምሮ የቆሙበትን ሁሉ ገድሎ ልጅቱን ይዞ ይወጣል፤ ለእርስዋም የሆነውን ይዋሻታል። ክፍል አንድ በዚያ ውሸት ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ የዚህን ጥበብ ልዩ ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በቴአትር ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ ገዳዩን ያያል፤ ያዝናል ወይም ይፈርዳል። በጨዋታው ግን ሐኪሙን የሚገድለው የተጫዋቹ እጅ ነው። ካልገደለ ታሪኩ ወደ ፊት አይሄድም። ተጫዋቹ የአንድ አባት ፍቅር አሸነፈ ብሎ ደስ ብሎት ሊወጣ ይችላል፤ የሐኪሙን ስም አያውቅም፤ ሊያውቅም አላስፈለገውም። ይህ የመጀመሪያው ክፍል፣ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከፉከራ ወገን ነው። የወደቀው ፊት የለውም።

ሁለተኛው ክፍል የሚነሣው ከዚያ ፊት ከሌለው ሬሳ ነው። ሐኪሙ አቢ የምትባል ልጅ ነበረችው። አድጋ ወታደር ሆናለች፤ ጆኤልን ፈልጋ አግኝታ በኤሊ ዓይን ፊት በጭካኔ ትገድለዋለች። ኤሊ ደም ልትመልስ ወደ ሲያትል ከተማ ትወርዳለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የአቢን ባልንጀሮች አንድ በአንድ ትጥላለች። ተጫዋቹ በዚህ ሁሉ ከኤሊ ጋር ነው፤ ቁጣዋ ቁጣው ነው። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ግን ድንገት ተጫዋቹ አቢን እንዲሆን ይገደዳል። እነዚያኑ ሦስት ቀኖች ከመጀመሪያ ጀምሮ በደመኛው እግር ይሄዳቸዋል። የገደላቸው ሰዎች ሲስቁ፣ ሲዋደዱ፣ ስለ ነገ ሲያወሩ ያያል። በየመንገዱ የሚወድቁት ተራ ወታደሮች እንኳ ስም አላቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ጓዱ ስሙን ጠርቶ ይጮኻል።

ይህ እኛ የምናውቀው ሌላ ጥበብ ነው፤ ሙሾ ነው። አልቃሽ ከለቅሶው መካከል ቆማ የሟቹን ስም፣ ወገኑን፣ ጠባዩን፣ የቀሩበትን ትጠራለች። ፎካሪው ቁጥር ያደረገውን አልቃሽዋ መልሳ ሰው ታደርገዋለች። ፉከራና ሙሾ ስለ አንድ ሞት ሊነገሩ ይችላሉ፤ ግን የሚነገሩት በሁለት የተለያዩ ደጆች ነው። የ«ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሁለተኛ ክፍል ያደረገው ትልቅ ነገር፣ በገዳዩ ደጅ ሲፎክር የቆየውን ተጫዋች እጁን ይዞ ወደ ሟቹ ደጅ መውሰዱ ነው።

ብዙዎች ይህን አልወደዱለትም። ሥራው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል፤ በዓመቱ መጨረሻም በዘርፉ ትልቅ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል። በዚያው ሳምንት ግን ከተጫዋቾች ብርቱ የቁጣ ናዳ ወርዶበታል። ከቁጣው ውስጥ ከንቱ የሆነውን ትተን ቁም ነገር ያለውን ብንወስድ፣ ሁለት ክሶች ይቀራሉ። አንደኛው የቅርፅ ክስ ነው። ፊተኛው ክፍል አንድ መንገድ፣ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ይዞ በውሸት ላይ ያቆማል፤ ኋለኛው ይረዝማል፣ ይመላለሳል፣ አንዳንዴም የተናገረውን ይደግማል። ይህ ክስ እውነት አለው። በአንድነትና በመጠን ፊተኛው ይሻላል።

ሁለተኛው ክስ የሞራል ክስ ነው፤ ስለዚህም ይከብዳል። «ግደል ብሎ አስገድዶ፣ ከገደልኩ በኋላ ለምን ገደልክ ብሎ መውቀስ ፍትሕ ነውን?» ይላል። ክሱ የሚያነሣው ጥያቄ፣ የታዘዘ ሰው በታዘዘው ድርጊት ይጠየቃል ወይ የሚለው ነው። መልሱ በከፊል አዎን፣ በከፊል አይደለም ይመስለኛል። ተጫዋቹ ሌላ በር አልተከፈተለትምና እንደ ወንጀለኛ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን በተኮሰ ጊዜ የተሰማው ደስታ የራሱ ነበር፤ ያን ማንም አላዘዘውም። ኋለኛው ክፍል የሚጠይቀው ስለዚያ ደስታ ነው። ፊተኛው ክፍል የሰጠንን ደስታ ወስዶ ሒሳቡን ያሳየናል።

መስፈሪያችን ከዚህ ላይ ይገኛል። ተከታይ ሥራ ከፊተኛው በለጠ የሚባለው፣ ፊተኛውን ካነበብነው ወይም ካየነው በኋላ እንደ ቀድሞው ልናየው እንዳንችል ሲያደርገን ነው። የተከታታይነት ጥበብ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። የጎንደር ተወላጅ የነበረው ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል»ን በሦስት ክፍል ሲጽፍ ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግሥት ብሎ ከፋፍሎታል። ማግሥት የሚመጣው ዋዜማን በግዝፈት ሊበልጥ አይደለም፤ በዋዜማ የተዘራውን ሊያጭድ ይመጣል። በዚህ መስፈሪያ ስንሰፍር፣ የሆስፒታሉን ክፍል ከሁለተኛው በኋላ ተመልሶ የሚጫወት ሰው ሐኪሙን ያለ ልጁ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ኋለኛው፣ ከነእንከኑ፣ ከፊተኛው በልጧል ብዬ እፈርዳለሁ።

ፍርዱ ግን በዚህ አያልቅም፤ ምክንያቱም ከሙሾ በላይ የሆነ ደረጃ አለ። ቴአትር ይህን ካወቀ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ግሪካዊው ኤስኪለስ በ458 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ስለ ደም መመለስ ሦስት ተከታታይ ተውኔቶችን በአቴና መድረክ አቀረበ። በመጀመሪያው ንጉሥ አጋሜምኖን ከጦርነት ሲመለስ በሚስቱ በክሊተምኔስትራ እጅ ይገደላል። በሁለተኛው ልጁ ኦሬስቴስ የአባቱን ደም ለመመለስ እናቱን ይገድላል። ሦስተኛው ተውኔት እንደ ሻጩ ሚዛን ቢጻፍ ኖሮ ገና የበዛ ሬሳ ባየን ነበር። ኤስኪለስ ግን በሦስተኛው ላይ አንድም ሰው አይገድልም። ኦሬስቴስ በአርዮስፋጎስ ለፍርድ ይቆማል፤ የከተማው ሰዎች ዳኛ ሆነው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ደም የጠማቸው የበቀል መናፍስትም ተለምነው፣ ክብር ተሰጥቷቸው፣ የከተማይቱ ጠባቂዎች ይሆናሉ። ኋለኛው ከፊተኞቹ ሁለት የበለጠው አዲስ ነገር ስለ ጨመረ ነው ከተባለ፣ የጨመረው ሦስተኛ ወገን ነው።

የስሜን ግርጌ ገበሬ ኤስኪለስን ባያነብም ይህን ያውቃል። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው ተያይተው ብቻ እንደማይታረቁ ያውቃልና፣ በመካከላቸው ሽማግሌ ያስገባል። የገዳይ ወገን ከመንደር ይርቃል፤ ሽማግሌዎችና ካህናት ይመላለሳሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በመሐላ ይታሰራል፤ ደሙ ደረቀ ይባላል። ይህ ሥርዓት እንከን የለውም አይባልም። የሟች ሚስት ድምፅ በወንዶች ሸንጎ መካከል የሚዋጥበት ጊዜ አለ፤ የመንግሥት ሕግ የሚጠይቀውንም የወንጀል ተጠያቂነት ሊተካ አይችልም። ግን አንድ ትልቅ ዕውቀት ይዟል። የተበደለ ሰው ብቻውን ይቅር እንዲል መጠበቅ፣ ከአቅሙ በላይ ሸክም መጫን መሆኑን ተረድቷል። በፊልማችንም ታሪክ በ1960ዎቹ የተሠራው «ጉማ» ይህንኑ የደምና የዕርቅ ጉዳይ ይዞ መነሣቱ፣ ነገሩ በአገራችን ምን ያህል ሥር እንዳለው ያመለክታል።

በ«ዘ ላስት ኦፍ አስ» የጎደለው ይህ ሦስተኛ ወገን ነው። ለኤሊ «ተይ፣ አትሂጂ» የምትላት ወዳጅ አለች፤ «ደሙ ሳይመለስ እንዴት ትቀመጫለሽ?» የሚል ዘመድም አለ። እንዲህ ያለው ዘመድ በእኛም መንደር አይጠፋም። ከሁለቱ ወገን ወጥቶ በመካከል የሚቆም ሰው ግን የለም። በመጨረሻ ኤሊ ደመኛዋን ውሃ ውስጥ አንቃ ይዛ፣ ሁለት ጣቶችዋን ካጣች በኋላ፣ ትለቃታለች። ወደ ቤትዋ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጆኤል ያስተማራትን ጊታር በተጎዳው እጅዋ እንደ ቀድሞው ልትመታው አትችልም። ቂሙ ይቆማል፤ ሰላም ግን አልተሠራም። ሁለቱ ይለያያሉ እንጂ አይታረቁም። ስለዚህ ሥራው ከፉከራ ወደ ሙሾ ተሻግሮ፣ በዕርቅ ደጅ ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነውን? አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፣ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የሟቾቹን ቤተሰቦች በስም የሚያውቅ ሰው በዳባት ገበያ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም ክልሉ ሌላ ግጭትና ሌላ ሐዘን አይቷል። በጌም ቤት ተቀምጦ «ሁለተኛው ይበልጣል» እያለ የሚከራከረው ወጣት፣ ከመስኮቱ ውጭ ተከታይ ክፍል የሚጠይቁ ሟቾች ያሉበት ወጣት ነው። ለእርሱ የብልጫ ጥያቄ የትርፍ ሰዓት ጥያቄ አይደለም። ነገ በአካባቢው የሚሆነውን «ክፍል ሁለት» በምን ሚዛን እንደሚመዝን የሚለማመድበት ነው።

መምህር ይህን ክርክር ወደ ክፍል ሊያስገባው ይችላል። «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ከመለሱለት በኋላ «በምን?» ብሎ መድገም ብቻ ይበቃል። ካድሬውም ስለ ድል ሲናገር በቁጥር ብቻ የሚናገር ከሆነ በፎካሪው ደጅ መቆሙን ይወቅ፤ ሕዝቡ በሁለቱም ደጅ የሚያለቅስ ወገን አለው። የእኛ የጸሐፊዎችና የተዋንያን ዕዳ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ፉከራውን በሚገባ ጽፈናል፤ መድረኮቻችን በጎራዴና በጋሻ ሲያብለጨልጩ ኖረዋል። ሙሾውንም አልተውንም። ሦስተኛው ክፍል፣ ሽማግሌው ከሁለቱ ደጆች መካከል ቆሞ ሁለቱንም የሚያስቆጣ እውነት የሚናገርበት ተውኔት፣ ገና በበቂ አልተጻፈም። ለመጻፍም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዕርቅ በመድረክ ላይ ከግድያ ይልቅ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል፣ ጭብጨባም በቀላሉ አያስገኝም።

ኤስኪለስ ግን ሊደረግ እንደሚችል አሳይቷል። የደባርቅ ሜዳ ደግሞ ሳይደረግ ሲቀር የሚከተለውን አሳይቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ለወጣቶቻችን የሚበልጠውን ተከታይ ክፍል መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።